ያላልኩት እሺታ

ይድረስ ወዳጄ ለነበርከው፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው? ሐዋሳ ተስማምታዋለች፣ ቦርጭም ጀምሮታል ብላ እህትህ ማክዳ አምታሃለች። እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። አለሁ ስልህ ግን እንደ ድሮው አይምሰልህ፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው። ወረቀቱን ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ከምሠራበት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው ያመጣሁት፤ የምታደርስልኝ ማክዳ ናት። ስልክ እንዳልደውል ድምፅህን ከሰማሁ ግማሹን እውጠዋለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት የዋጥኩት ይበቃኛል።

ታምሜአለሁ። እንዲያውም ድሮም ታማሚ ነበርኩ፤ አሁን ያወቅነው ስሙን ነው። የሚጥል በሽታ ነው። እኔም ስሰማ ሐኪሟን፣ ዶክተር አርሴማ የምትባለውን ወጣት፣ ተቆጣኋት። ወድቄ አላውቅም፣ አረፋ ደፍቄ አላውቅም አልኳት። እሷም ሁሉም አይጥልም አለችኝ። የእኔ ሲመጣ ከሆዴ አንድ ነገር ሽቅብ ይወጣል፤ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ይሸተኛል፤ ከዚያ ለሁለት ደቂቃ ያህል የለሁም። ዓይኔ ግን ተከፍቷል፣ በእግሬ ቆሜአለሁ፣ እጄ ይነካካል፣ አፌም ያወራል። ስመለስ ምንም አላስታውስም። ያየኝ ሰው በሐሳብ የሄድኩ ነው የሚመስለው። እማማ ትካዜ ያሉት፣ አንተም ደግሞ ኔትዎርክ የላትም እያልክ የምትቀልድበት ይኸው ነበር።

ዶክተሯ በወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። በሕፃንነቴ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠኝ ከጆሮዬ በላይ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ትዝታ የሚያዝበት ቦታ ላይ ጠባሳ ትቶብኛል። ጠባሳው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በዙሪያው ያሉት ነርቮች ግን ዓመት በዓመት እርስ በርስ አዲስ መስመር እየዘረጉ፣ ዝም የሚያሰኟቸው ደግሞ እየሳሱ፣ ራቅ ያሉትን ክፍሎች ሳይቀር እየጎተቱ ጭንቅላቴን እንደ አዲስ ገመዱት። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ በፊት፣ እኛ ግቢ አሥራ አንድ አባወራ ከአንድ ቆጣሪ መብራት ስንቀጥል ትዝ ይልሃል? አንዱ ምድጃ ሲሰካ ሁላችንም ጨለማ ይውጠን ነበር። የእኔም እንደዚያ ነው። በቀዶ ጥገና አይወጣም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። መስመሩ ወደ ሌላኛው ወገን ተሻግሯል፣ አንዱን ቆርጦ ማውጣት አይበቃም፣ የቀረሽንም ትዝታ ይዞብሽ ሊሄድ ይችላል አለችኝ። ስለዚህ ኪኒን እውጣለሁ። ኪኒኑ አሳንሶታል እንጂ አላቆመውም።

እንግዲህ ዋናውን ልንገርህ። ዶክተሯ፣ በሽታው ሲመጣብኝ በስልክ እንዲቀርጸኝ ዘርዓብሩክን አዘዘችው። ያው ባለቤቴን ታውቀዋለህ። ባለፈው ወር አንድ እሁድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቀረጸኝ፤ አብረን ቁጭ ብለን አየነው። ሳሎኑ መሃል ቆሜ፣ የነጠላዬን ጥለት እያፍተለተልኩ፣ ባዶ ግድግዳ አያለሁ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን ሰው ፊት ስሆን በማወጣው በዚያ ለስላሳ ድምፄ እሺ እላለሁ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ።

የዘርዓብሩክ ሽማግሌዎች ቤታችን የመጡ ቀን አባባ ከጓዳ አስጠርተው በፊታቸው ጠየቁኝ። አይሆንም ልል ነበር። ስምህንም ልናገር ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ለብቻዬ ስለማመደው ነው የከረምኩት። ያ የጎማ ሽታ ሸተተኝ። ከዚያ በኋላ የማውቀው እልልታውን ነው። እትዬ ጥሩነሽ አንገቴን አቅፈው ያለቅሳሉ፣ አባባ ይመርቁኛል። እትዬ ጥሩነሽ የሰፈሩ ሬዲዮ አይደሉ፣ በገዛ አፏ ሦስት ጊዜ እሺ አለች ብለው ወሬውን አንተ ዘንድ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። አልዋሹም።

በማግስቱ ቅያሱ ጥግ ቆመህ እውነት ብለሻል ወይ ስትለኝ፣ አላስታውስም አልኩህ። ሳቅህ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እባክሽ ደህና ውሸት ፈልጊ ብለኸኝ ሄድክ። እኔም ሁሉም ሰማንሽ ሲለኝ፣ ፈርቼ ብዬው ይሆናል ብዬ አመንኩ። ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት ራሴን እንደ ከሃዲ እየናቅኩ ኖርኩ።

ዘርዓብሩክ ደግ ሰው ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ልጃችን ምኞት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በእሷስ አልጸጸትም። ቪዲዮውን አይተን ስንጨርስ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፋውና፣ ያን ቀንም እንደዚህ ነበርሽ ወይ አለኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ገባው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ሁለቴ ነው የሚጠይቀኝ። ሻይ ልቅዳልሽ ወይ ብሎኝ እሺ ስለው እንኳ ጎንበስ ብሎ ዓይኔን ያያል። በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ሲሳቀቅ ማየት ከበሽታው ይልቅ እየገደለኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳልከዳሁህ እንድታውቅልኝ። እዚህ ላይ ፈርሜ መዝጋት ነበረብኝ። ግን ከትናንት ወዲያ አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ፣ እንጋባ ያልከኝ ያ ጭማቂ ቤት ትዝ አለኝ። ከፒያሳ ተነሥተን በእግራችን መሄዳችንን አስታውሳለሁ። ስፕሪስ ማዘዝህንም አስታውሳለሁ። ከዚያ ደግሞ ከደስታህ ብዛት አስተናጋጁን አቅፈህ ስትስመው። በመሃል ያለው የለኝም። ምን ብዬ እንደመለስኩልህ የማውቀው አንተ ለጓደኞችህ ስታወራ ሰምቼ ነው፤ አፍራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ እሺ እሺ አለችኝ ስትል እኔም አብሬአችሁ እስቅ ነበር።

እወድህ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የማውቀው።

መልስ የምትጽፍልኝ ከሆነ ስለ ጤናህ ጻፍልኝ፣ ስለ ልጆችህ ጻፍልኝ። ያን ቀን ዓይኔ አንተን ያይ እንደነበር ብታስታውስም ባታስታውስም፣ ስለ አራት ኪሎው ግን ምንም አትጻፍልኝ።

ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ እናትና አባት የሌሉበትን አገር አገር ያድርግልህ፤ በእኔ ያዘንክበትን ቀን ከልብህ ይፋቅልህ።

የድሮ ጎረቤትህ፣
የምኞት እናት