ከዋናው ናሙና ጋር

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ወገብህ፣ ያ ብርድ ሲሆን የሚያስቸግርህ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እማዬስ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ አሁንም ትራስ ሥር ትደብቃለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። እንዲያውም ወፍሬያለሁ፤ ይዣት የመጣኋት ጉርድ ቀሚስ አልዘጋ ብላኛለች።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጓደኛህን ለምነህ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሥራ እንዳገኘህልኝ፣ በሚቀጥለው ወር ጀምሪ እንዳልከኝ ሳነብ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። ታች ያለችው አከራዬ ጣሪያው ሊወርድብኝ ነው ብላ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ደበደበችው። እኔም ወዲያው «እግዚአብሔር በር ከፈተልኝ፣ እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩልህ። ያን ደብዳቤ ግን አልላክሁትም። ለምን እንዳልላክሁት ልንገርህ፤ አንተ ደግሞ እንደ ልማድህ ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ።

በቀለም ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ሥራዬ እያንዳንዱ አዲስ ቅልቅል ከዓይነቱ እንዳይለይ ማየት እንደሆነ ታውቃለህ። ለየቀለሙ ዋና ናሙና የሚባል የተቀባ ሰሌዳ አለ። ብርሃን እንዳያደበዝዘው በጥቁር ወረቀት ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ደንቡ አዲሱን ቅልቅል ከእሱ ጋር ማስተያየት ነው። ግን መፍታቱም መጠቅለሉም አሰልቺ ነው፤ ሰሌዳውም እንደ ዕንቁ ስለሚታይ መንካቱ ያስፈራል። ስለዚህ ሁላችንም የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ብቻ እያየን «አንድ ነው» ብለን እናሳልፍ ነበር። ውሸትም አልነበረም፤ የዛሬው ከትናንቱ በዓይን አይለይም።

በቀደም አንድ ደንበኛችን መጣ። አምና የክሊኒኩን ኮሪደር እስከ ግማሽ ድረስ በለጋ አረንጓዴ አስቀብቶ፣ ዘንድሮ ቀሪውን በዚያው ቀለም ሊጨርስ ገዝቶ ነበር። አንዱ ግድግዳ ጤነኛ፣ አንዱ የወፍ በሽታ የያዘው መሰለ፣ በሽተኞቼ ምን ይበሉኝ ብሎ ጮኸ። አለቃችን ዋናው ናሙና ይውጣ አለ። ጥቁሩ ወረቀት ሲፈታ ሁላችንም ተንጠራርተን አየን። ቀለማችን ማንም ሳያየው ወደ ቢጫ ሄዷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለካ ለጥፋትም ይሠራል! ጣሳ ጫኙ፣ ታዲያ እኛም ቢጫ ሆነን እንዳይሆን፣ መስተዋት አምጡልን ብሎ ሁሉን አሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ከጎኔ የቆሙት እትዬ ሚዛን ነበሩና።

ስለ እሳቸው ጽፌልህ አላውቅም። የቤተ ሙከራው አንጋፋ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው በአንዲት ጠብታ ስለሚጨቃጨቁ ነው። እኔን «ድግሪ» ያሉኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ምሳ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ እትዬ ሚዛን፣ እርስዎ ጡረታ ቢወጡ እኮ ማሽኑ ይተካዎታል ብዬ ቀለድኩ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ሳህናቸውን አንሥተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከሥራ በቀር ቃል አልተነፈሱልኝም።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ ስጸልይ ራሴን እመረምር ነበር። ምርመራዬ ግን ከእሳቸው ጋር ነበር፤ እኔ እንኳ ጠዋት ጠዋት ሰላም እላለሁ፣ የሚኮሳተሩት እሳቸው ናቸው እል ነበር። አለዚያም ካለፈው ወር እኔነቴ ጋር ነው፤ ያኔ እመልስ ነበር፣ አሁን ዝም እላለሁ፣ ተሻሽያለሁ እላለሁ። የዛሬውን ከትናንቱ! ክርስቶስን በጥቁር ወረቀት ጠቅልዬ ለእሑድ አስቀምጬው ኖሯል። እሱ ለሰቀሉት ጸለየ፤ እኔ የበደልኳቸውን ሰው ሰላም ማለቴን እንደ ጽድቅ ቆጠርኩት።

ያን ዕለት ከሥራ መልስ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩ። የቀድሞውን መሥሪያ ቤት ስለቅም በር ተከፈተልኝ ብዬህ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረውንም እንዲሁ። እውነት በር ነበር ወይስ ከሰው ዓይን የሸሸሁበት መስኮት? አሁንስ የምቸኩለው ወደ ሥራው ነው ወይስ ከእትዬ ሚዛን ፊት?

በማግስቱ ምሳ ላይ ተነሥቼ ቆምኩ። የቀለድኩት በሰው ፊት ነው፣ ይቅርታ የምለውም በሰው ፊት ነው፣ አጥፍቻለሁ አልኩ። እትዬ ሚዛን የጎረሱትን አላምጠው ዋጡ። ከዚያ፣ ድግሪ፣ ቁጭ በይ፣ ምግብሽ ይቀዘቅዛል አሉኝ። በቃ! ሰው ሁሉ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ስንወጣ ግን በር ላይ አቆሙኝ። የሸሹትን ቀለሞች አንድ በአንድ ወደ ዋናው መመለስ አለብን፣ የወራት ሥራ ነው፣ ለብቻዬ አልችለውም፣ አንቺ ደግሞ እግርሽ ቀላል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ትቆያለሽ ወይ አሉኝ። እቆያለሁ አልኩ። አንተን ሳላማክር ቃል ሰጠሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ አልመጣም። ጓደኛህ ፊት እንደማሳፍርህ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለእሱ የምስጋናና የይቅርታ ቃል በራሴ እጅ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ብትቆጣም አልፈርድብህም፤ ቁጣህን ግን በደብዳቤ ላከው እንጂ ዝም አትበለኝ። ያንተ ዝምታ ከእትዬ ሚዛን ይብሳል።

አሁን በየጠዋቱ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ወንጌል አነብባለሁ፤ ከዚያም ለዚያ ቀን አንድ ነገር፣ ለአንድ ሰው ብዬ እቆርጣለሁ። ቅዱስ ሆነች እንዳትል፤ ትናንት ጣሳ ጫኙ ሰሌዳዬን ቢያቆሽሽብኝ ጮኼበታለሁ። ግን ሳንለያይ ሄጄ ታረቅሁት። እሱም ይሄ ይቅርታሽ ሱስ ሆነብሽ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ሱስ ቢሆንስ? እንዲህ ደስ ብሎኝ ሥራ ገብቼ አላውቅም።

እህቴ ለምትሆነው ባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት። ለትልቁ ልጅህ፣ ሒሳቡን ከጓደኛው እንዳይገለብጥ ንገርልኝ። አልጋዬን አረንጓዴ ቀቢልኝ ላለችኝ ለትንሿ ትክክለኛውን አረንጓዴ ራሴ መርጬ እልክላታለሁ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው፣ ጉርዷን የሚያሰፋልኝ እሱ ብቻ ነው በለው።

እማዬ ይህ ሲነበብላት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለቷ አይቀርም። ልክ ነሽ በላት። ድሮ አፍሳ ትሄድ ነበር፤ አሁን ቁጭ ብላ እየለቀመች ነው በላት።

ችኩሏ እህትህ

ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት ፲፬