«እናት» የሚለው ምርጫ ከዚህ በፊት ጥቅም ላይ ውሏል

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሰው ሀብት አስተዳደር ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለታደሰው የሰዓት መቆጣጠሪያና የፈቃድ መጠየቂያ መተግበሪያ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። ጤናዎ ዘወትር ያሳስበናል፤ ታመው ፈቃድ መጠየቅ ቢያስፈልግዎ ምን እንደሚገጥምዎ እናውቃለንና። እኔ በምድር ቤቱ የልብስ ንጽህና ክፍል አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ ያጠብኩ ሠራተኛ ነኝ። ስሜን በመጻፍ አላደክምዎትም፤ በእርስዎ ዘንድ የምታወቅበት ቁጥር ከታች አለ።

አንደኛ፣ ስለ ጣት አሻራው ላመስግን። ቀድሞ በር ላይ ባለው መዝገብ ፈርመን እንገባ ነበር። ቀጥሎ የመጣው አፕ «ገብቻለሁ» የሚል አንድ ቁልፍ ነበረው። በታደሰው ግን ስልኩ አሻራችንን ካላነበበ አልገባንም። አሥራ አንድ ዓመት በረኪና ውስጥ የኖረ ጣት እንደ ታጠበ ሳህን ልሙጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቀን ማጠቢያ ማሽኑ ፊት ቆሜ ሳለሁ «ቀሪ» ተብዬ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ሦስተኛው ስንብት መሆኑን በቀይ ቀለም ስለጻፉልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ዓይኔም ደክሟልና።

ሁለተኛው ስለ አክስቴ ነው። እናቴ ሥራ ፍለጋ ርቃ ስትሄድ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እትዬ እላታለሁ። ልብስ ሰፊ ነበረች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ከደንበኞች ጨርቅ ቁርጥራጭ ገጣጥማ ሰፍታልኝ መጋጠሚያው የት እንዳለ ማንም አላወቀም። ዘንድሮ ጉበቷን ታመመችና አልጋ ያዘች፤ ሐኪሞችም ብዙ እንደማትቆይ ነገሩን። ሦስት ቀን የማስታመሚያ ፈቃድ ጠየቅኩ። መተግበሪያው «ጥያቄዎ እየታየ ነው» አለኝና አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ክብ መዞር ጀመረች። ሰኞ ዞረች፤ ማክሰኞም ዞረች።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ የእትዬ ጎረቤት ደወለች። «ስምሽን እየጠራች ነው። መምጣት ከቻልሽ ዛሬ ነው» አለችኝ። ወደ ክፍል ኃላፊያችን ሄድኩ። ወታደር ሆነው ባያውቁም ቀጥ ብለው ስለሚራመዱ ሻምበል እንላቸው ነበር። ቀድሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን መዝገቡ ላይ ፈርመው ይሸኙን ነበር። ስልካቸውን አውጥተው ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋፉት፤ በአዲሱ ላይ የክፍል ኃላፊ የሚፈቅድበት ቁልፍ ተነሥቷል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሂጂ ብልሽ ያሰናብቱሻል፤ አትሂጂ ማለት ደግሞ ከአፌ አልወጣ አለኝ» አሉኝ።

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ቆየሁ። እስከ ፈረቃው ማብቂያ አንሶላ አጠፍኩ። ጠርዝን ከጠርዝ ማገጣጠም ነው፤ ሐሳብ አይፈልግም። እትዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐረፈች። እኔ የደረስኩት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሲሆን ጎረቤቷ ሸፍናት ነበር። አላለቀስኩም። የተሸፈነችበት አንሶላ በአንድ ወገን ረዝሞ ስላየሁት ሳብ አድርጌ አስተካከልኩት።

ሦስተኛ፣ እዚያው አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ የሐዘን ፈቃድ ጠየቅኩ። መተግበሪያው ሟች ምኔ እንደሆነች ጠየቀኝ፤ ምርጫውም እናት፣ አባት፣ የትዳር ጓደኛና ልጅ ነው። አክስት የለም፤ አሳዳጊም የለም። ብዙ ሳላስብ «እናት» የሚለውን ነካሁ። «ይህ ምርጫ ከዚህ በፊት ጥቅም ላይ ውሏል» ሲል መለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ የወለደችኝ እናቴ የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ተጠቅሜበታለሁ። ለአንድ ሠራተኛ ሁለት እናት መፍቀድ ለአስተዳደር ምን ያህል እንደሚያስቸግር እረዳለሁ።

ቀብሯ ሐሙስ ነበር፤ ሄድኩ። በሕይወት ሳለች አስሮ የያዘኝን ፍርሃት በዚያ ቀን ፈልጌ አጣሁት። ዓርብ ስመለስ ስንብቴ ለኮሚቴ ቀርቦ ጠበቀኝ። ሻምበል ገብተው «ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ» ብለው መሰከሩ። አላሉኝም ነበር። በሥራዬ እንድቆይ ተወሰነ፤ ለእሳቸው ግን በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ተጻፈላቸው። ደብዳቤውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና የማድረቂያውን ሙቀት ሊያዩ ሄዱ። ይህን ዛሬ የምጽፈው ባለፈው ወር ጡረታ ስለወጡና የሚደርስባቸው ስለሌለ ነው። በእኔ ላይ የሚደርሰውን ግን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ከቀብሩ በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ያቺ ክብ መዞሯን አቆመች። «የማስታመሚያ ፈቃድዎ ጸድቋል። መልካም ዕረፍት!» የሚል መልእክት ከአበባ ሥዕል ጋር መጣልኝ። ታማሚዋ ቀድማ ስላረፈች ምኞቱ አልተሳሳተም። ካልተጠቀምኩበት ይቃጠላል ስለተባለ ሦስቱን ቀን ወሰድኩ፤ እትዬ ጀምራ ያልጨረሰቻቸውን ልብሶች ለየባለቤታቸው አደረስኩ። አንዲት ሴት እጅጌ ያልተገጠመለት ቀሚሷን ተቀብላ በሯ ላይ አለቀሰች። እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ አይዞሽ አልኳት፤ እሷም ሟቿ ምኔ እንደነበረች ጠየቀችኝ። ደንበኛዋ ነበርኩ ብያት ሄድኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈው ቃለ ጉባኤ እንዳነበብኩት፣ ባለሙያዎቹ መተግበሪያውን ሲያድሱ «ሌላ» የሚል አምስተኛ ምርጫ አስገብተው ነበር፤ ሪፖርት ያዝረከርካል ተብሎ በእርስዎ ፊርማ ተሰርዟል። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ይመለስልን። ለእኔ አይደለም፤ እኔ የቀረኝ የለም። ከጎኔ የምታጥበውን ሴት ግን ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እሱም በዚህ ሳምንት አልጋ ይዟል።

ሥራዎን የሚያስተጓጉል ሐዘን እንዳይገጥምዎ፣ ቢገጥምዎም ከአራቱ አንዱ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የመለያ ቁጥር 4417
ልብስ ንጽህና ክፍል፣ ምድር ቤት

ማሳሰቢያ፦ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ሠራተኛው ለአዲሱ መተግበሪያ ከአምስት ኮከብ አራት ነጥብ ዘጠኝ እንደሰጠው ሲናገሩ ሰምቼ አጨብጭቤያለሁ። ኮከብ ካልተሰጠው የመውጫ ሰዓት እንደማይመዘግብ ምናልባት አልነገሩዎትም ይሆናል። እትዬ በሞተችበት ቀን እኔም አምስት ሰጥቻለሁ፤ ለአውራ ጣቴ የቀረበው እሱ ነበር።