እርጥብ ጆንያና የሰመራ ሙቀት

ለቡ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ሰመራ ላለችው ልጄ፣ ለሄርሜላ

እንዴት ነሽ የኔ እመቤት? ሆድሽስ እንዴት ነው? እግርሽ እንዳበጠ አክስትሽ አምሳለ ነግራኛለች፤ ከላቦራቶሪ ሥራሽ ስትመለሺ ትራስ ላይ ከፍ አድርገሽ አሳርፊው። እኔ ደህና ነኝ። ለቡ ጭቃ በጭቃ ሆናለች፤ ካልሲ ታጥቦ በሦስተኛው ቀንም አይደርቅም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክማ "ደህና ነኝ አባዬ፣ እሺ አባዬ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት አይዘጋም። ወደ እናንተ የሚመጣ የአውቶቡስ ሹፌር አግኝቼ በእጁ ልኬዋለሁ።

ባለፈው ወር ስደውልልሽ አምሳለ መጥታ እንድታርስሽ ተስማምታችሁ ነበር። እናትሽ ትሩፋት ብትኖር ማን ይቀድማት ነበር! ነፍሷን ይማር። እኔም ካገባሽ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊትሽን አላየሁምና ልምጣ አልኩሽ። አንቺ ግን "አባዬ፣ ሙቀቱን አትችለውም። ቤቱም አንድ ክፍል ነው፣ ማደሪያ የለም" አልሽኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ፍሪጅ ሲጠግን ለኖረ ሰው "ሙቀት አለ" ብለው ስልክ ይዘጋሉ? ማደሪያና ሙቀት ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩና በማግሥቱ ሥራ ጀመርኩ።

ማደሪያው ቀላል ነበር። የፉሪውን ዲንሳን ታስታውሺዋለሽ፤ ከአያቶቹ ጀምሮ እዚያው ሲያርሱ ኖረው፣ መሬቱ ቤት በቤት ሲሆን እሱ ወደ ወተት የዞረው። ግቢው ውስጥ አንድ የፈረንጆች ተጎታች ቤት ቆሞ ነበር፤ ያ መኪና ኋላ አስረው ለሽርሽር የሚጎትቱት፣ ካራቫን የሚሉት። ባለቤቶቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውለት ዶሮ ይፈለፈልበት ነበር። እኔ የወተት ማቀዝቀዣውን ጠገንኩለት፣ እሱ ዶሮዎቹን አስለቅቆ ለቡ ድረስ ጎትቶ አመጣልኝ። ሁለት ሰው ያስተኛል። መሀሉ ቆሜ እጆቼን ስዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ እነካለሁ። ያጠበችው አምሳለ ናት፤ ስለ ዶሮዎቹ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

የቀረው ሙቀቱ ነው። ልጄ፣ እንደዚህ ደስ የሚል ችግር ከገጠመኝ ስንት ዘመኔ! መጀመሪያ ያሰብኩት ሰው ሁሉ የሚያስበውን፣ መስኮት ላይ የሚገጠመውን ኤሲ ነበር። እሱ ደግሞ ጀነሬተር ይፈልጋል። ጀነሬተር ደጃፍሽ ላይ ቀኑን ሙሉ እያጓራ ጨቅላ እንዴት ይተኛል? ተውኩት። ቀጥሎ በረዶ በሳፋ አድርጌ ከኋላው ቬንትሌተር አቆምኩ። ለግማሽ ሰዓት ግሩም ነው፤ ከዚያ በእጅሽ የሚቀረው አንድ ሳፋ ውሃ ነው። ሰመራ ላይ በረዶ ፍለጋ ስዞር ልጁ ድክ ድክ ማለት ይጀምር ነበር።

ሦስተኛው እርጥብ ጆንያ ነው። የቃጫ ጆንያ በመስኮቱ ልክ ወጠርኩና፣ በላዩ የተበሳሳ የውሃ ጎማ አጋድሜ ውሃ እንዲንጠባጠብበት አደረግኩ። ከውስጥ በኩል በመኪና ባትሪ የሚሠራ ቬንትሌተር የውጭውን አየር በጆንያው አሳልፎ ይስባል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እንስራም ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ዘዴ ነው፤ እኔ የፈጠርኩት ነገር የለም።

ጣጣው መፈተኑ ላይ ነው። በሐምሌ፣ ለቡ ላይ፣ ሙቀት ከየት ይምጣ? ካራቫኑን በኤሌክትሪክ ምድጃ አሞቅሁት። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስምንት ሲል ምድጃው እንደበራ አምሳለን አስገባኋትና እኔ ውጭ ደብተር ይዤ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ እኔ ዳቦ ነኝ?" አለችኝ።

"ዝም ብለሽ ተቀመጪና የሚሰማሽን ንገሪኝ።"

"የሚሰማኝን ብነግርህ ትቀየመኛለህ።"

መጀመሪያ ቀዝቀዝ አለላት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ግን ላቧ ይንቆረቆር ጀመር፤ ግድግዳውም አብሯት አላበው። ሻሿን እየጨመቀች ወጣችና "ፍልውሃማ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለልን፤ ለዚህ ሰመራ ድረስ ምን አስኬደን?" አለች። ሦስት ቀን ነካካሁት። ጆንያ ቀየርኩ፣ ውሃ ቀነስኩ፤ ያው ነው።

በአራተኛው ቀን ዲንሳ መጥቶ ዙሪያውን ዞሮ አየው።

"አየሩ በየት ይወጣል?" አለኝ።

"አይወጣም። አንድ ቀዳዳ አልተውኩም፣ ጠርዙን ሁሉ በጎማ ደፍኜዋለሁ።"

"ታዲያ እርጥቡ አየር የት ይሂድልህ? አንተ ሰውዬ፣ ፍሪጅ እኮ አይደለም! ሰው ነው የሚገባበት።"

ሳቄ መጣ፤ አፈርኩም። የፍሪጅ በር ጎማ ስቀይር፣ ቅዝቃዜ እንዳያመልጥ ስደፍን ኖሬ፣ እጄ ሳላዘው ወደ መድፈን ነው የሚሄደው። ወዲያው ከጆንያው ፊት ለፊት ያለውን መስኮት ከፈትኩ። ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ የለቡ ብርድ ገብቶ ምድጃውን አሸነፈውና አምሳለ ጋቢ ጠየቀች። እንግዲህ ቤቱን ያቀዘቀዘው ጆንያዬ ነው ወይስ ክረምቱ? አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ይህን ማወቅ አይቻልም።

መልሱ ያለው አንቺ ዘንድ ነው። ላቦራቶሪሽ ቴርሞሜትር አያጣም። ሁለት ወስደሽ አንዱን እንዲሁ ተዪው፤ የሌላውን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልይው። ጥላ ሥር፣ ቬንትሌተር ፊት አስቀምጪያቸውና ከሩብ ሰዓት በኋላ ልዩነታቸውን ጻፊልኝ። ከአሥር ዲግሪ ካለፈ ጆንያዬ ይሠራል። ዲንሳ በጉብዝናው ጊዜ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ በዚያ በኩል ተመላልሷል፤ "እዚያ ልብስ አስጥተህ ዞር ሳትል ይደርቃል" ይለኛል። እኔ ግን ቁጥር ካላየሁ አላምንም።

እዚህ ላይ ደርሼ ብዕሬን አስቀመጥኩ። አምሳለ አጠገቤ ነበረችና "ይሄን ሁሉ ጽፈህ ያንን ሳትጽፍ ልትልከው ነው?" አለችኝ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ባለቤትሽ ኢያቄም አንቺን ሲጠይቅ ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ መጡ፤ እኔም ሦስቱንም ጊዜ ሥራ ላይ ነኝ አልኩ። በመጨረሻው ቀን እነሱን በር ላይ ዝናብ ሲደበድባቸው እኔ ጋራዡ ውስጥ ኮምፕሬሰር እበይድ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ምንም አልሆነም ነበር። ልጁን ጠልቼው አይደለም። ትሩፋት በሞተች በዓመቷ አንቺም ልትሄጂብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነው። ሠርግሽ ያለ አባት ሆነ። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ።

ስለዚህ የከለከለሽ ሙቀቱ ከሆነ ቁጥሩን ላኪልኝ፤ እኔ አበጀዋለሁ። ሙቀቱ ካልሆነ በቴርሞሜትር አትድከሚ። ጳጉሜን ላይ ዲንሳ ካራቫኑን በፒክአፑ ይጎትታል። እናንተ አጠገብ ሎጊያ ከተማ ስንደርስ እኔ ካራቫኑ ውስጥ እቀራለሁ፣ ጆንያው ቢሠራም ባይሠራም። አምሳለና ዲንሳ ሽማግሌ ሆነው እናንተ ደጃፍ ይቆማሉ። ጉዳያቸው እኔ ነኝ። አንዴም ሁለቴም ብትመልሷቸው አልቀየምም። በሦስተኛውም እምቢ ካላችሁ ካራቫኑን ለአምሳለ ማደሪያ ትቼ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። እባክሽ ብቻ፣ ደጅ አታቁሚያቸው፤ ገብተው ይቀመጡ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ለኢያቄም ሰላምታዬን ንገሪው፤ ከተቀበለኝ።

አባትሽ መኩሪያ