ቀዮን ማን ቧጨራት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየደገፍክ ነው የምትነሳው? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ፣ አማትህስ ደህና ናቸው ወይ? ሥራስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። እማዬም ለጤናዋ ደህና ናት። «ለጤናዋ» ያልኩት ዐውቄ ነው፤ ሌላው ሌላው ደህና አይደለም።

በስልክ ልነግርህ ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴም አፌ ተሳሰረ። አንተ ደግሞ ስልክ ላይ ቶሎ ነው የምትቆጣው፤ አልቆጣም አትበለኝ፣ አብረን ነው ያደግነው። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ተቆጥተህም ቢሆን እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ። የፊታችን ሐሙስ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በእሱ እጅ እልክልሃለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከማክሰኞ ልጀምር። የአባባ መኪና ቀዮ መቧጨሯን ያን ዕለት ደውዬ ነግሬሃለሁ፤ እንዴት እንዳገኘኋት ግን አልነገርኩህም። ወደ መድኃኒት ቤቱ ለሥራ ስወጣ እንደ ልማዴ በመኪና መጠለያው በኩል አለፍኩ። አባባ ካረፈ ጀምሮ፣ ይኸው ስምንት ወሯ፣ መኪናዋ ከዚያ ጣሪያ ሥር ነቅነቅ ብላ አታውቅም። ባትሪዋ ሞቷል፣ ጎማዋ ተንፍሷል፤ ገላዋ ግን እሱ እንደተዋት ንጹሕ ናት፣ ያ ቀይ ቀለሟ ፊት ያሳያል። በግራ ጎኗ ዞር ስል ከፊት መብራቷ እስከ ኋላ መብራቷ ድረስ ነጭ መስመር ተሰምሮባታል። ኮፈኗ ላይም እንደዚሁ ሁለት ጭረት። አንተ በስንት ስልክ ያገኘኸው ገዢ ሊያያት የተቀጠረው በማግስቱ ረቡዕ ነበር።

መስታወቷ አልተሰበረም፣ ጎማዋ አልተወጋም፣ ስፖኪዮዋም በቦታው አለ። ይሄ ያን ጊዜ ሊያስገርመኝ ይገባ ነበር፤ ደሜ ስለፈላ ምኑንም አላሰብኩት።

ግቢያችን አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነው፤ የውጭው በር ማታ ይቆለፋል፣ ቁልፉም በዘበኛው እጅ ነው። ከዘበኛው ጋር ደግሞ ከሳምንት በፊት ተጣልተን ነበር። የልጆቹን እርጥብ ልብስ ቀዮ ላይ አስጥቶ አግኝቼው «የአባቴ መኪና የልብስ ገመድ መሰለችህ?» ብዬ ሰው ሁሉ በመስኮት ብቅ እስኪል ጮኬበታለሁ። እሱ ልብሱን አንድ በአንድ አንስቶ ሄደ። እንግዲህ ጭረቱን ሳይ ማን ትዝ እንደሚለኝ አንተው ገምት። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ! አንተም ስደውልልህ «ከእሱ ሌላ ማን ይሆናል? ጽፈሽ ለግቢው ኮሚቴ ስጪ፣ ለኢንሹራንሱም ወረቀት ያስፈልጋል» አልከኝ። ጻፍኩ። በዚህ ደብዳቤ በምጽፍልህ እጅ፣ ምናልባትም በዚሁ እስክሪብቶ። ቂም ይዞብኝ ነው ብዬ ፈረምኩ።

ሊቀመንበራችንን ታውቃቸዋለህ፤ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ዛሬም ሰውን ሁሉ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ተማሪ የሚያደርጉት። ዘበኛውን ጠርተው ጠየቁት። «እኔ አልነካኋትም» አለ። ማን ነካት ሲሉት መሬት መሬት አየ። ደግመው ቢጠይቁት፣ ቢቆጡት፣ አሁንም መሬት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ተባለና እስከ እሑዱ ስብሰባ ጊዜ ተሰጠው። ወይ ያደረገውን ሰው ይናገራል፣ አለዚያ ሥራውንም፣ ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር የሚኖርባትን የበሩን ክፍልም ይለቃል። እውነቱን ልንገርህ፣ ስሰማ ደስ ብሎኛል። እሰይ ብያለሁ። ይሄንን ስጽፍልህ ፊቴ ይቃጠላል።

ለእማዬ ክሱን አልነገርኳትም፣ እንዳትጨነቅ ብዬ። «ይጣራል፣ አይዞሽ» ብቻ አልኳት። እሷም «እሺ» አለች። ምግብ አልበላ ሲላት ለመኪናዋ ያዘነች መሰለኝ፤ አባባን ያስታወሳት መሰለኝ።

የኔ ጭንቅ ሌላ ነበር። ጭረቱን ምን ላድርገው? ኢንሹራንሱን ልጠብቅ ወይስ ላስቀባት? እንዳለች በርካሽ ትሂድ? ገዢው «እኔ የወደድኳት ቀለሟ ያልተነካ ስለሆነ ነው፤ ከተቀባች አልፈልጋትም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። አንተ ግን «አስቀቢያት፣ ሌላ ገዢ አይጠፋም» ስላልክ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ቀለም ቀቢ ይዤ መጣሁ። ሰፈሩ ዶክተር ነው የሚለው፤ መኪና ሲመረምር አንገቱን ሰብሮ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ በአውራ ጣቱ ስለሚዳስስ።

ዶክተራችን እርጥብ ጨርቅ አስመጣና ጎኗን ጠረገ። ከዚያ ጣቱን በጭረቱ ላይ እያስኬደ ከፊት ወደ ኋላ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። «እህቴ፣ ይሄን የቧጨረ ሰው እጁን ሰባት ጊዜ አንስቷል» አለኝ። ምን ማለትህ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። እውነትም መስመሩ ይመጣ ይመጣና አንድ ነጥብ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ነጥቧን ያልፍና እንደገና ይጀምራል። «ይሄ ደግሞ የመኪና ቀለም አይደለም፤ የጥፍር ቀለም ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። አንተም አሁን እንደማትስቅ አውቃለሁ። አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጠጠር የላጣትን ቦታ በእማዬ የጥፍር ቀለም ነጥብ ነጥብ ሲያደርግ ታስታውሳለህ? እሷ በመስኮት «ለኔ ነው ለመኪናህ የገዛኸው?» እያለች ስትጮህበት፣ እሱ ደግሞ «ለሁለታችሁም፣ ማን ትቀድማለች ነው እንጂ» ሲላት? እነዚያን ነጥቦች ከእኛ ሌላ የሚያውቃቸው የለም። አንተ ባሕር ማዶ ነህ፤ እኔ አላደረግሁትም። ሌላ ማን ቀረ? ዶክተሩን ነገ እደውልልሃለሁ ብዬ ሸኘሁትና እዚያው መጠለያው ሥር ተቀምጬ ቀረሁ።

ዓርብ ከሥራ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድንች ትልጥ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልሆነልኝም፤ «እማዬ፣ ጭረቱ የአባባን ነጥቦች አይነካም» አልኳት። ቢላዋው ቆመ። ቀና ሳትል «ታዲያ እሱን እንዴት ልቧጭረው?» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ሰኞ ስንደዋወል ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር፣ ገዢው የወደደው ቀለሟን ነው ስትለኝ እዚያው ሶፋው ላይ ሆና ሰምታለች። ቀለሟ ከተበላሸ ይተዋታል ብላ፣ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ በገዛ ቁልፏ ቧጨረቻት። «ሻጩ ልጄ፣ አሻሻጯ ልጄ፣ እኔ እዚህ ቤት ማን ነኝ?» አለችኝ። አንተ ምን ትመልስላታለህ? ለሦስት ሳምንት ስለ ቀዮ ስንማከር አንድ ቀን «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለናታል? ዋጋ ጠየቅን፣ ሊብሬ ፈለግን፣ እሷን ረሳን።

የዘበኛውን ነገር ስነግራት ግን ፊቷ አመድ ሆነ። «እሱን ደግሞ ምን ብላችሁ አነሳችሁት?» አለችና ድንቹን እንደያዘች መኝታ ቤቷ ገብታ ዘጋችው። ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ውሃ ለመጠጣት ካልሆነ አልወጣችም።

አሁን ምን ይሻላል? ክሴን ልሳብ ብዬ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ «ከሶ ዝም ማለት የለም፤ ወይ ማስረጃ ወይ ይቅርታ፣ ያውም በሰው ፊት ከነምክንያቱ» አሉኝ። ምክንያቱን ከተናገርኩ እማዬን ሰው ፊት አዋረድኳት። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሯት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲኳረፍ የሚሰሟት እሷን ነው፤ ምን ይሏታል? ዝም ካልኩ ያ ሰውዬ ነገ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይወጣል። አንተ ዝም በይ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ለአንተ የእናትህ ስም ከሁሉ ይበልጥብሃል፣ ለኔም ይበልጥብኛል። ግን ዛሬ በበሩ ሳልፍ ሚስቱ ዕቃ በካርቶን ስታስገባ አየኋት። ትልቋ ልጃቸው ካርቶኑን በገመድ ታስርላታለች። ዐይኔን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ወስኛለሁ። ነገ ተነስቼ እኔ ነኝ ልል ነው፤ መሰላል ሳንቀሳቅስ ጎዳኋት፣ አፍሬ በሰው አላከክሁ እላለሁ። ስድቡም ለኔ ይሁን። እዚህ ላይ ላቁመው።

እሑድ ነው። ከስብሰባው ተመልሼ ነው የምቀጥልልህ፤ ጽሑፌ ቢጣመም አትፍረድብኝ።

ሁሉም ሰው ከበሩ ፊት ወንበር ይዞ ወጥቶ ነበር። ዘበኛው ጥግ ላይ ነጠል ብሎ ተቀምጧል፤ ካርቶኖቹ ከክፍሉ ደጃፍ ተደርድረዋል። ሊቀመንበሩ የኔን ክስ ቃል በቃል አነበቡት። የራሴን ቃል በሌላ ሰው አፍ ስሰማው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተነሳሁ። የመሰላሉን ታሪክ አፌ ላይ አድርጌዋለሁ። ገና «እኔ» ስል ሰው ሁሉ ዞር አለ፤ እማዬ ከቤት ወጥታለች። የሐዘኗን ጥቁር ሻርፕ ለብሳ፣ ከዘራ ተደግፋ፣ ቀስ እያለች። መጣችና ከመሃል ቆመች። «መኪናዬን የቧጨርኳት እኔ ነኝ። ይሄ ሰው ምንም የለበትም፤ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ ነኝ» አለች።

መጀመሪያ የተነሳው ዘበኛው ነው። ወንበሩን ይዞ መጣና «እማማ፣ ይቀመጡ፣ እግርዎን ያምዎታል» አላት። ሊቀመንበሩ እንደዚያ ሲባል ምንም አለመደነቁን አይተው ታውቅ ነበር ወይ አሉት። ሲወተውቱት «አይቻቸዋለሁ፤ በር ልከፍት ስነሳ ነው ያየኋቸው። እየቧጨሩ ያለቅሱ ነበር» አለ። ታዲያ ቤትህ ሲፈርስ፣ ይህቺ ልጅ ስትከስህ ለምን አልተናገርክም ሲባል እኔን አየኝ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ገና አሁን ነው ፊቴን ያየው። «እናትዎ ናቸው ብዬ ለልጅ ልናገር?» አለኝ።

እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ግን ከበስተኋላዬ ይዘው አነሱኝ። ካርቶኖቹን ከሚስቱ ጋር ተሸክሜ መለስኩ። ከዚያ ሊቀመንበሩ እንዳዘዙት ይቅርታዬን ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ለኢንሹራንሱም ነገ ደውዬ ወረቀቱን እስባለሁ። ቅድም በበሩ ሳልፍ ዘበኛው ሰላምታዬን መለሰልኝ፤ ድሮ ግን ከወንበሩ ብድግ ይል ነበር፣ አሁን አልተነሳም። አይነሳ። ይገባኛል። ዶክተሩን ተወው፣ አትምጣ ብየዋለሁ። ቀዮ ከነጭረቷ ቆማለች፤ ትቀባ፣ ትሸጥ፣ ትቁም፣ እኔና አንተ የምንወስነው አይደለም። በዚህ ከተቆጣህ ተቆጣ፤ የመጀመሪያህም የመጨረሻህም አይደለም።

ለባለቤትህ እጅግ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የታሰረው ክንዷ ድኖ እንደሆነ ንገረኝ። ትልቋን ልጅህን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ትንሿን ደግሞ ፎቶዋ ላይ ያየኋቸውን የወለቁ ጥርሶች የት እንዳደረገች ጠይቅልኝ። ለአማትህ ለመድኃኒታቸው የሚሆን ወረቀት በዚሁ ፖስታ ልኬያለሁ፤ ከምግብ በኋላ ነው በላቸው። የጎረቤቶችህ ሰላምታ ደርሶኛል፣ የኔም ይድረሳቸው።

እማዬን «ለልጅሽ ምን ብዬ ሰላምታ ልጻፍልሽ?» ብያት ነበር። ብዙ አሰበችና «ሰላምታ ይቆይ። ይደውል፤ ሲደውል አንቺን ሳይሆን እኔን ብሎ ያስጠራኝ። መኪናዋን ልሽጥ ካለም ይጠይቀኝ፤ ማን ያውቃል፣ እሺ እለው ይሆናል» አለች።

እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ከመጠለያው ትይዩ ካለው መስኮት ሥር
ቅዳሜ ተጀምሮ እሑድ ጥቅምት 17 ቀን ተፈጸመ