ትከሻሽ ላይ የቀረው እጅ

ልጄ ቤዛ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ከሰላምታው አስቀድማለሁ። አባትሽ በሞተ ዓመት አክስትሽ ሮማን «ቀርጤስ ወስጄ ላሳድጋት» ስትለኝ አልቅሼ ነበር፤ በልቤ ግን እፎይ ብያለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሀዋሳም ዝናብ ጀምሯል።

በስልክ የላክሽው የገደሎቹ ፎቶ ደረሰኝ። ቀርጤስን ከሐዋርያት ሥራ የማውቃት በማዕበሏ ነበር። ሰማይ የሚነካ ገደል፣ በመካከሉም ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ እንዳላት አላነበብኩም። አንቺና አክስትሽ ግን ተቃቅፋችሁ አልፋችሁበታል።

መናኸሪያ አጠገብ ያለው ፎቶ ቤት ሄጄ «ልጅቷን ብቻ አትምልኝ» አልኩት።

«እማማ፣ የሴትዮዋን እጅ ካጠፋሁት የልጅቷ ትከሻ አብሮ ይሄዳል» አለኝ።

«እንግዲያው እጁ ይቅር» አልኩ። አሁን ግድግዳዬ ላይ አንቺና ባለቤት የሌለው እጅ አላችሁ።

በየጠዋቱ ታቦር ተራራን እወጣለሁ። ጎረቤቴ ሀያት «እትዬ፣ ለሩጫ ተመዘገቡ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። የገደሉ መንገድ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው ብለሽኝ የለ? ጉልበቴ ደህና ነው። ድንጋዩ ሲያዳልጥሽ ማን ብለሽ እንደምትጣሪ ጻፊልኝ።

አክስትሽን ሰላም በያት፤ ጤናውን ይስጣት። በስልክ ያልጻፍኩልሽ እሷ ቀድማ እንዳታነበው ነው። ፖስታው ላይ «ይድረስ ለልጄ ለቤዛዊት አየለ» ብያለሁ፤ «ለልጄ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አድምቄዋለሁ።