ሴትዮይቱን መልሼ ልኬያታለሁ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምጋሼ እንግዳ፤

እንደምን ከርመሃል? የእማዬ ወገብ ዘንድሮ ብርዱን ቻለው ወይ? ትንሹ ሚሳኤልስ ከሳሉ ተሻለው? የመንዝ ውርጭ ትዝ ባለኝ ቁጥር አሳባችሁ አይለቀኝም። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብቻ ከመስቀል ወዲህ ምግብ አንገሽግሾኛል። ምክንያቱን ልንገርህ።

ካቻምና ከእርሻችን በላይ፣ ከድንጋይ ክምሩ ሥር አፅሟን ያወጣነው ሴትዮ ትዝ ትልሃለች። ከሺህ ዓመት በላይ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ የተኛችው። ሽማግሌዎቹ እናት ናት አትነካም ብለው ሲከለክሉ፣ ረዳት ሆኜ እሠራላቸው የነበሩት የጥንት መቃብር አጥኚው ዶክተር አምሐ ተንበርክከው ለመኗቸው። ዲኤንኤ የሚሉት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ምልክት በጥርስ ውስጥ ይቆያል፤ ዘሯን አውቀን በክብር እንመልሳታለን ብለውም ማሉ።

ከዚህ በኋላ አንቱ ልለው አልችልም፤ ይቅር በለኝ።

በመስቀል ሰሞን ላፍቶ ቤቱ እንግዶች ጠራ። ቁርጥ እየተበላ ሳለ ጓዳ ገብቶ የሴትዮይቱን መንጋጋ በሳህን ይዞ መጣ። ሰዎቹ ቅባት በነካው እጃቸው ተቀባበሉት፤ አንዱማ ከራሱ አገጭ ጋር አስተያይቶ አሳቃቸው። አምሐ ጣቱን በምራቁ አርሶ አፈሩን ጠረገና ሥጋ በቆረጠበት ቢላዋ አንድ ጥርሷን ፈለቀቀ። አያቴ ናት፣ አገጯ የኛ ቤት አገጭ ነው አላቸው። እኔ ደጅ ወጥቼ አስመለሰኝ።

ጥርሷ ባሕር ማዶ ተላከች። እሷን የነካን የሁላችን ምራቅ ለማነጻጸሪያ አብሮ ሄዶ ነበር። ባለፈው ሳምንት አብራው የምታጠናው ፈረንጅ መጥታ ጥርሷ ተፈጭታ እንዳለቀች፣ የተገኘውም ምልክት የሟቿ ሳይሆን የአምሐ የራሱ እንደሆነ ነገረችው። የሚያፍር መስሎኝ ነበር። እሱ እቴ!

«ከእኔ ጋር ከገጠመ ዘመዴ ናት ማለት ነው፤ ይኸው ይነገር» አለ።

ፈረንጇ በውሸት ስሜን አላስገባም ብላ ወጣች። ወደ እኔ ዞሮ ሌላ ጥርስ ንቀይ አለኝ።

«የተገኘው ምራቅህ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ውሰጃት፤ ለእኔ ከእንግዲህ ምን ትሠራልኛለች» አለ።

ከሰልና ሽንኩርት ከተከመረበት ጓዳ፣ አይጥ ከቦረቦረው ካርቶን ውስጥ አወጣኋት። አቧራዋን አራግፌ በአዲስ አቡጀዲ ጠቀለልኳት። ሥራውንም በዚያው ተውኩት። ወደናንተ እህል ሊጭን የሚመጣው ሾፌር ሮበሌ ምን እንደሆነች ስነግረው ከኋላ አይደለም፣ ከጎኔ ነው የማስቀምጣት አለኝ።

ወንድምጋሼ፣ እዚያው ቦታዋ መልሳት። ሽማግሌዎቹ ቢጠይቁህ የማን ዘር እንደሆነች አልታወቀም በላቸው፤ ጥርሷ መጉደሏን ግን አትደብቃቸው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ሚሳኤልን ዓይን ዓይኑን ሳምልኝ። ጎረቤታችንን ሞልቱን እንደምን አለህ በልልኝ። ባለቤትህን ጤናዬን በጣም ሰላም በላት፤ ሴትዮይቱን ስታስተኟት እሷም ትኑር። ከእኔ በቀር እስካሁን የነኳት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻው የሴት እጅ ይሁን።

እህትህ ተናኘ
ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ጥር 20 ቀን 1991 ዓ.ም.