ሙጫውን ሲፈልጉ የኖሩት ወንድማችን አጭር የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ፊደል ሳይለዩ የአባታቸውን ሁለት ማግኔቶች የሚገፋፉ ጫፎች ለማጋጠም ሲታገሉ ይውሉ ነበር። እናታቸው፣ «ተዋቸው እንጂ ልጄ፣ አንዋደድም ካሉ በግድ ነው እንዴ?» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን አልተዉም።

ከዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቀው እዚያው መምህር ሆኑ። በ1979 ዓ.ም. በእቶን የተጋገረ ጥቁር ሴራሚክ በፈሳሽ ናይትሮጅን ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ቅንጣት ሳያባክን እንደሚያሳልፍ ሲሰሙ ሌላውን ሥራ ሁሉ እርግፍ አድርገው ተዉት። ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ እዚያ ውስጥ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጓዛሉ። ቀደም ሲል ይህ ጠባይ በታየባቸው ብረቶች ውስጥ የሚያጣምራቸው የአተሞች ንዝረት መሆኑ ታውቋል። በሴራሚኩ ውስጥስ ሙጫው ምንድን ነው? ወንድማችን የአተሞቹን መግነጢስነት ጠረጠሩ፤ ይህንኑ ለማረጋገጥ ዕድሜያቸውን በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ቤተ ሙከራ ጨረሱ።

በ1983 ዓ.ም. ሴራሚኩን ከሚጋግሩት የሥራ ባልደረባቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። በእያንዳንዱ ውጤት ላይ እንደ ዓይንና ናጫ ሲጨቃጨቁ ውለው ማታ በአንድ ጃንጥላ ወደ ቤት ስለሚሄዱ፣ ሠራተኛው «ተገፋፊዎቹ» ይላቸው ነበር።

የሚተንነው ናይትሮጅን ቀለምም ሽታም የለውም። አየሩን ቀስ ብሎ ይተካል፤ ሰውም መታፈኑን ሳያውቅ ይወድቃል። ይህን የሚያስጠነቅቅ ደወል ግድግዳው ላይ ነበር። ወንድማችን «ይቺ ነገር ጆሮዬን በላችው» ብለው ሽቦውን ነቀሉት። አምና እዚያው ራሳቸውን ሲስቱ ባለቤታቸው ጎትተው አወጧቸው። «ዛሬውኑ መልሰህ ሰካው» ሲሏቸው፣ «ነገ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ራስ ምታቱ አልተዋቸውም፤ ሽቦውም እንደተነቀለ ቀረ።

ባለፈው ማክሰኞ ባለቤታቸው ናሙና ይዘው ሲመለሱ ወንድማችንን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አገኟቸው። ትንፋሽ አልነበራቸውም። የመለኪያ መሣሪያው ግን የሙከራውን ውጤት መስመር እየሳለ ነበር። መስመሩን ማንበብ የሚችሉት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ አንብበውም፣ «አግኝቶታል መሰለኝ። ሙከራው አንድ ጊዜ መደገም አለበት» ብለዋል።

ይህ ጽሑፍ ሲነበብ ባለቤታቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። የምድር ቤቱ ቁልፍ በእጃቸው ነው። ልጃቸው ብትለምን፣ ብታለቅስ አልሰጧትም።

አምላክ የወንድማችንን ነፍስ በብርሃን ስፍራ ያሳርፍልን። እናንተም ወዳጆቻችን፣ ከመቃብሩ ስንመለስ እባካችሁ ባለቤታቸውን ብቻቸውን አትተዉብን።